መርማሪን የሚያሳምነው ማስረጃ ነው

እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ። ሐረርና ሲዳሞ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ ገጠማቸው፤ የቢሮው መርማሪዎችም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ የአንድ ባለቤት ምልክት አይደሉም ብለው ሁለቱንም ማመልከቻዎች ውድቅ አደረጉ። በሲዳሞ ላይ ሌላም እንቅፋት ነበር፦ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ “ሽርኪና ሰን ድራይድ ሲዳሞ” የሚል ምልክት ለማስመዝገብ በ2004 ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኩባንያው ማመልከቻውን የተወው በ2006 ነው።

ከዚህ ታሪክ በሕዝብ ዘንድ የቀረው የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም በስታርባክስ ላይ ያካሄደው ዘመቻና በ2007 ከስታርባክስ ጋር የተደረሰው ስምምነት ነው። ብዙም ያልተወራለት ግን በወረቀት ላይ የተሠራው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ወገን የውድቅ ማድረጊያውን ደብዳቤ እንደ መጨረሻ ውሳኔ ተቀብሎ አልተመለሰም። ከጠበቆቹ ጋር ተቀምጦ፣ ስሞቹ በረጅም ዘመን ንግድ ሸማቹ ከሌላው ቡና ለይቶ የሚያውቃቸው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አሰባስቦ መልስ ሰጠ። ሲዳሞ በ2008 ተመዘገበ፤ ሐረርም የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን አገኘ። መርማሪዎቹን ያሳመናቸው ለጥያቄያቸው በቀጥታ የተሰጠው መልስ ነው።

የጥበቃው ዓይነት የተመረጠው ከማመልከቻው በፊት እንደነበርም ልብ ማለት ያሻል። በኋላ ስታርባክስ ስሞቹ በንግድ ምልክት ፈንታ፣ ቡናው ከየት እንደመጣ በሚመሰክር መልክዓ ምድራዊ ማረጋገጫ ቢጠበቁ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በወቅቱ የኢትዮጵያን የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ግን ማረጋገጫው ለአገሪቱ ሁኔታ እንደማይመች ተከራክረዋል፤ እጅግ ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች የሚያመርቱትን ቡና እያንዳንዱን ጆንያ ተከታትሎ ማረጋገጥ የማይቻል ነበርና። የትኛውን የጥበቃ ዓይነት እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያላሰበ አመልካች፣ ቅጹን ምንም ያህል አሳምሮ ቢሞላው፣ በኋላ መቸገሩ አይቀርም።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ችግሩ ከዚህም ይቀድማል። ብዙ ነጋዴዎች የንግድ ስም አስመዝግበው ንግድ ፈቃድ ሲያወጡ ምልክታቸውም አብሮ የተጠበቀ ይመስላቸዋል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ግን የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ መሆኑን ደንግጓል። በዚህ ስም ዘመን ሙሉ ነግጄበታለሁ ማለት ብቻውን አያድንም።

አንድ የጤፍ ዱቄት አቀናባሪ ከረጢቱ ላይ “ምርጥ ማኛ” ብሎ አትሞ ለማስመዝገብ ቢሄድ መርማሪው ምን ይለዋል? “ምርጥ” የጥራት መግለጫ ነው፤ “ማኛ” ደግሞ ምርጡን ነጭ ጤፍ የሚሸጥ ሁሉ የሚጠቀምበት ስም ነው። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ሌላውን ነጋዴ አፉን መዝጋት ይሆናል። መርማሪው ቢከለክል ተንኮል የለበትም፤ ገበያውን እየጠበቀ ነው። ይኸው ሰው ከጤፍ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የራሱን ስም ቢያወጣ፣ “ማኛ ጤፍ” የሚለውንም ከሥር በተራ ጽሑፍ ቢያሰፍር ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣም ነበር። የሰንደቅ ዓላማን ምስል ከረጢቱ ላይ ማስፈርም ብዙዎች የሚወዱት፣ ማመልከቻን ግን የሚያሰናክል ነገር ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የዕቃው ዝርዝር አለ። የኒስ ምደባ የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ዕቃንና አገልግሎትን በ45 መደብ ይከፍላል። ጥሬ ጤፍ 31ኛው ውስጥ ነው፤ ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን፣ እንጀራም ሲሆን ወደ 30ኛው ይገባል፤ እንጀራውን በምግብ ቤት ለሚያቀርብ ደግሞ መደቡ 43 ነው። ዛሬ ዱቄት እየሸጠ ነገ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ ይህን ማመልከቻው ላይ ካላሰፈረ፣ የሚፈልገውን ጥበቃ አያገኝም። የማይሠራበትን ሁሉ መዘርዘርም ጉዳት አለው፤ ዝርዝሩ በሰፋ ቁጥር ከሌላ ሰው ምልክት ጋር የመጋጨት ዕድሉ ይጨምራል።

የውድቅ ማድረጊያው ደብዳቤ ከመጣ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ አመልካች ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ የሚያውቀውን ሰው ፍለጋ ይሮጣል። ሁለቱም ጊዜ ያባክናሉ። መርማሪው የጠቀሰው አንቀጽ የትኛው ነው? ከቀደመ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ካለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በመልክ፣ በድምፅና በዕቃ ዓይነት የሚለዩበትን ማሳየት፣ ካስፈለገም የዕቃውን ዝርዝር ማጥበብ ይቻላል። ገላጭ ነው ካለ፣ በብዙ አገሮች አሠራር በዚያ ቃል ላይ ብቻውን መብት አልጠይቅም ብሎ የቀረውን ምልክት ማስመዝገብ ይፈቀዳል። የጊዜ ገደቡም አይዘነጋ፤ አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት ወይም ቡና መሸጫ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ለፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮው ደብዳቤ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ ቀድሞ ስድስት ወር ነበር። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ግን ሦስት ወር ነው፤ ማራዘሚያ የሚፈልግ ይከፍላል። ጊዜው ካለፈበት ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

ጃፓን ውስጥ የሆነውም የዕቃ ዝርዝርን ዋጋ ያሳያል። ሲዳሞና ይርጋጨፌ እዚያ ከተመዘገቡ በኋላ በጃፓን የቡና ማኅበር ጥያቄ እንዲሰረዙ ተወስኖ ነበር። በ2010 ግን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስሞቹ ምልክት የመሆን ብቃት እንዳላቸው ተቀበለ፤ ምልክቶቹም ከየአካባቢው ለሚመጣው የኢትዮጵያ ቡና ጸኑ።

ኃላፊነቱ የአመልካች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ውድቅ የሚያደርግበትን ምክንያት “ይመሳሰላል” በሚል አንድ ቃል ሳይወሰን፣ የተመሳሰለውን ምልክት፣ የዕቃውን መደብና የአዋጁን አንቀጽ ለይቶ ቢጽፍ፣ አነስተኛው ነጋዴ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ባይኖረውም የሚመልሰውን ያውቃል።