መሣሪያው ሲበላሽ መንገደኛው አይቀጣ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳቤን በአንባብያን ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በውቤ በረሃ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጧት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ለአውቶቡስ ተሰልፈን ሳለን፣ አንዲት አሮጊት ተራቸው ደርሶ የወረቀት ብር ቢዘረጉ፣ ትኬት ቆራጩ «እማማ፣ በስልክ ካልሆነ አንቀበልም» አላቸው። እኔ ልክፈልልዎ ብዬ ስልኬን ባወጣ መስመሩ ተቋርጧል። አውቶቡሱ ሁለታችንንም ጥሎን ሄደ። እሳቸው ከሐኪም ቀጠሯቸው፣ እኔም ከተማሪዎቼ ዘገየን። አሳቤ መሥሪያ ቤቱን ለመክሰስ ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም።

እኔ የአዲስ ሥልጣኔ ጠላት አይደለሁም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ሰልፍ እንዳስቀረልን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። የትኬት ሒሳብም በስልክ ሲከፈል ለቁጥጥር ይመቻል። ነገር ግን መስመር ይቋረጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳምንታት ቆይቷል፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተዛብቶ አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆሞ ነበር። በእንዲህ ያለው ቀን ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል አውቶቡስ ማንን ያሳፍራል?

ሌላውም አገር ከዚህ አላመለጠም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ወንበዴዎች የትራንስፖርቱን መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ። መሥሪያ ቤቱ ግን ለወንበዴዎቹ አልከፈለም፤ የባቡር ጣቢያዎቹን በሮች ከፍቶ ሕዝቡን በነፃ አሳፈረ። ጉዳቱን ራሱ ተሸከመ እንጂ በመንገደኛው ላይ አልጣለም።

በእኛ ዘንድ ትኬት ቆራጩን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። ለአሮጊቷ ቢራራ ጉድለቱ ከደመወዙ ይቆረጥ ይሆናል፤ የተጻፈ ደንብ ከሌለው ምን ያድርግ? ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት፣ መስመር በተቋረጠ ጊዜ መንገደኛው በወረቀት ትኬት ወይም በነፃ እንዲሳፈር የሚያዝ ደንብ አውጥተው በየፌርማታው ይለጥፉልን። ስልክ ለሌለውም የጥሬ ገንዘብ መክፈያ አይዘጋ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን የኤሌክትሪክ መብራት እያለ ፋኖሳቸውን ዘይት ሞልተው ያኖሩ ነበር። ኤሌክትሪኩን ንቀው አይደለም፤ ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ብለው ነው እንጂ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር
ከውቤ በረሃ