ወዳጅ ጥየቃ በሁለት ጾም መካከል

በየረመዳኑ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «ክርስቲያን ጓደኛዬ ቤት ባፈጥር ጾሜ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። የሚጠይቁን አብዛኞቹ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም የከተማ ልጆች ናቸው። የገጠር ሰው ይህን ሲጠይቀን ሰምተን አናውቅም፤ መልሱን ከአባቱ ማዕድ ተምሮታል።

ጾሙ ምንም አይሆንም። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ፈቅዷል። በአገራችን ግን ሥጋው በልማድ ተለይቶ ኖሯል፤ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ የታረደውን ይበላል። ይህን ልማድ አፍርሱ የሚል ሰው አላጋጠመንም፣ እኛም አንልም። እህሉና ቡናው ግን ጥያቄ ኖሮበት አያውቅም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ቀን ስለገቡ፣ በዚያ ወር ክርስቲያን ቤት ለገባ ሙስሊም የሚቀርብለት ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና ተልባ ነበር። ማን አረደው ብሎ መጨነቅ አልነበረም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከመስጂዳችን ጀመዓዎች ጋር ሆነን ወደ ዳባትና ደባርቅ ወጥተን፣ መንገዱ አላስተማመነን ብሎ ለዓመታት ያልጠየቅናቸውን ወዳጆች ጠይቀን ተመልሰናል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወገራ ብርድ ጿሚን በውኃ ጥም አይፈትነውም፤ የሚፈትነው ጋቢውን ጥሎ ለሱብሒ ውዱእ ሲነሳ ነው። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማና አዲአርቃይ ያለው ወንድማችን ግን ያንኑ 13 ሰዓት ያህል የሚጾመው በቆላ ሐሩር ነው። ምንዳውን አላህ ያውቀዋል።

በደባርቅ ያስተናገዱን አዛውንት የግጭ ሰው ናቸው። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረች፣ ነዋሪዎቿም በብዛት ሙስሊሞች የሆኑ መንደር ነበረች። ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለነበር፣ ከመዝገቡ ለመውጣት በተደረገው ጥረት የግጭ ሰዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ። ለዋልያው ደግ ሆኗል። አዛውንቱ ግን ገብሱን፣ ግጦሹንና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ነው የመጡት። በዚያች ሌሊት ሰሑር ስንበላ ያወሩን ስለ ካሳ አልነበረም፤ ያለ ማጉያ የሚጠራው አዛን ገደል ለገደል እንዴት ይሰማ እንደነበር ነው።

በማግስቱ ዳባት አካባቢ ወደሚኖሩ አንድ መሪጌታ ቤት ሄድን። ወዳጅነታችን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። አባቶቻችን በዚሁ መንገድ ጨውና ጥጥ የነገዱ ናቸው። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወስኖ ነበር። ሰፈሩን ለየው፤ ገበያውንና መንገዱን ግን ሊለየው አልቻለም።

የኔታ ገና ከበር ሳንገባ «በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሱ» ብለው ጀመሩና ፀሐይዋን አይተው ሳቁ። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቀው ቀምሰዋል፤ እኛ መግሪብን እንጠብቃለን። ባለቤታቸው ሳንጠይቅ የምንሰግድበትን አጎዛ አነጠፉልን።

የጨዋታው መነሻ ትምህርት ቤት ነበር። የኔታ በቆሎ ተማሪነታቸው አኩፋዳ ይዘው በየደጁ የለመኑትን፣ ውሻ ያባረራቸውን አጫወቱን። እኛም በደረሳነታችን ሎሕ ተሸክመን ከሸይኽ ወደ ሸይኽ የዞርንበትን፣ በልመና ያደርንበትን ነገርናቸው። የእሳቸው ዜማ፣ የእኛ ቁርኣን፤ ሁለቱም በቃል የተያዙ፣ ሁለቱም በረሃብ የተገዙ ናቸው። ከዚያ ስለ መርየም ጠየቁን። አሥራ ዘጠነኛው የቁርኣን ምዕራፍ በስማቸው እንደሚጠራ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም በሐበሻው ንጉሥ ፊት ያነበበው ከእሱ እንደሆነ ነገርናቸው።

ይኼኔ ልጃቸው ከስልኩ ቀና አለ። «ንጉሡ ሰለመ የምትሉት በምን ማስረጃ ነው?» አለን። አባቱ ሊገሥጹት ሲሉ «ይተዉት፣ ይጠይቅ» አልን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የንጉሡን ሞት ሰምተው በሌለበት እንደሰገዱበት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ማስረጃችን ይህ ነው። የኔታ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን እንደማይቀበል በግልጽ ነገሩን። በዒሳም (ዐ.ሰ.) ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ እሳቸው የእግዚአብሔር ልጅ ይላሉ፣ እኛ ነቢይ እንላለን። ማንም ማንንም አላሳመነም። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለውን የከተማ ንግግር አንወደውም፤ የሁለታችንንም እምነት ያቀልላል።

ልጁ ግን ቀጠለ፤ በስልኩ ያየውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ አመጣው። ስድቡ ከሁለቱም ወገን ነው። የእኛም ልጆች ያንኑ እያዩ እንደሚያድጉ እናውቃለን። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር፣ በሸይኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ የተነሳው ግጭት በረመዳን የብዙ ሙስሊሞችን ሕይወት ቀጠፈ፤ በዚያው ሳምንት በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዚያ ቀን ጎረቤቱን በቤቱ የሸሸገ ሰው፣ ጎረቤቱን በስልክ አልነበረም የሚያውቀው።

ለልጁ ስለ ንጉሡ አንድ ነገር ጨመርንለት። ቁረይሾች አምር ኢብኑል ዓስን ከአብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓ ጋር ስጦታ አስይዘው፣ ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ላኩ። ሹማምንቱ ስጦታውን ተቀብለው ነበር። ንጉሡ ግን ተከሳሾቹን ሳልሰማ አልሰጥም አለ፤ አስጠርቶ ጠየቃቸው፣ ሰማቸው፣ ስጦታውን መለሰ። የንጉሡ ሃይማኖት እኛንና የኔታን ያከራክረናል፤ በዚህ ፍርዱ ግን ሁላችንም እንኮራለን። ልጁ «ይኼን ቪዲዮው አልነገረኝም» አለ።

ቴምር ይዘን ስለነበር በእሱ አፈጠርን፤ የኔታም ጾማቸውን አያፈርስምና አንድ ፍሬ ተቀበሉን። ጠላው ከጓዳ አልወጣም፤ ለእኛ የማር ብርዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ለመሄድ የምታስቡ አንባቢዎች ከዐስር በኋላ ድረሱ፤ ባለቤቶቹ ቀድመው ከደረሳችሁ ሳታፈጥሩ አይለቋችሁም፣ እናንተም ሲጨነቁ ታያላችሁ። ወፍራም ጋቢ ያዙ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

የኔታ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዋለው ፋሲካ ጠርተውን ነበር። የእኛን በግ የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤት ከወዲሁ አነጋግረው ነበር፤ ድስቱም ለብቻው እንደሚሆን ባለቤታቸው ደጋግመው ነግረውን ነበር።