ፊት ስንሮጥ ኋላ ማን ቀረ?

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ሐኪም አስገድያለሁ። አትደንግጡ፣ የሞተችው ወረቀት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን ላውንጁ ጥግ ላይ «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታው በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል። ውጊያ ሲመጣ ማን የት እንደቆመ ጠረጴዛው ላይ በካሬ ይታያል። እኛ ካሬ ያለው የሂሳብ ደብተር ዘርግተን ባቄላውን ለራሳችን፣ ሽንብራውን ለጠላት አደረግን። ባለሃያ ገጽ ዳይስ ስለሌለን ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ከቆርቆሮ ውስጥ እናወጣለን።

እኔ ጋሻ የያዝኩ ተዋጊ ነበርኩ። ሥራዬ ከሐኪማችን ጎን መቆም ነበር። ታዲያ አንድ የቆሰለ ሽፍታ ሲሸሽ አየሁና ስድስት ካሬ ተከትዬው ሮጥኩ። ገደልኩት፤ በደስታም ጮኽኩ። ዞር ስል ሁለት ሽንብራዎች ሐኪሟን ግራና ቀኝ ይዘዋታል። በሚቀጥለው ዙር ወደቀች። የምታጫውታት ልጅ ምንም አልተናገረችም፤ ባቄላዋን አንስታ ኪሷ ከተተች። ከዚያ በኋላ የሚያክመን ስላልነበረ ሁላችንም ተራ በተራ አለቅን።

ሕጉን በኋላ ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው እትም ጓደኛን በጋሻ መጠበቅን የመረጠ ተዋጊ፣ አጠገቡ ባለ ጓደኛው ላይ የሚሰነዘረውን ምት ያከብደዋል። ጠላት ሁለቴ ዳይስ ይጥልና ዝቅተኛውን ቁጥር ይወስዳል። ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጓደኛው ከጎኑ ካለ። ሌላም ሕግ አለ፦ ሳይጠነቀቅ ከተዋጊ እጅ ሥር የሚወጣ ጠላት አንድ ምት ሊቀምስ ይችላል። እንግዲህ እኔ ካሬዬን ሳልለቅ ቆሜ ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሟ ጋ ለመድረስ በአጠገቤ የሚያልፍ ጠላት ዋጋ ሊከፍል ይችል ነበር። ከጎኗ ስጠፋ ግን ጋሻዬ ለእሷ ምንም አልሆነላትም።

ለእረፍት ሮብ ገበያ ስገባ ታሪኩን ለአያቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ከገበያ ስትመለስ መሽቶብህ ያውቃል?» አሉኝ። «እህል የጫነ አህያና ሕፃን መሃል ይገባል። አንድ ጎበዝ ፊት፣ አንድ ጎበዝ ኋላ። የፊተኛው ዱላውን ይዞ ጅብ ሲያባርር ርቆ ከሄደ፣ ሌላው ጅብ አህያውን ይበላዋል» አሉኝ። የጮቄ ጉም ሲወርድ ሁለት እርምጃ እንኳን እንደማይታይ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።

እውነትም ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የድሮ ማዕረጎቻችን የቦታ ስሞች ናቸው እኮ! ፊታውራሪ የፊቱ መሪ ነው፤ ቀኝ አዝማች የቀኙ፣ ግራ አዝማች የግራው። ደጀን ደግሞ ከኋላ ሆኖ የሚደግፈው ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደጀን ከተማን አልፎ ዓባይን ይወርዳል፤ የቃሉን ትርጉም ግን ስንቶቻችን አስበንበት እናውቃለን?

የራሳችን የጠረጴዛ ውጊያም አለን፤ እሱም ሰንጠረዥ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጽፈዋል። የሰንጠረዥ ልዩ ነገሩ ወረራ የሚባለው መጀመሪያው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ስለሚሄድ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማን ከማን ጎን ይቆማል የሚለው ገና ደም ሳይፈስ የሚታሰብ ጉዳይ ነው። ደግሞም ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይፈቀድም። በእኔ እይታ ብቸኛን ማሸነፍ ድል አይደለም ማለት ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን «ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የእውነቱን ተኩስ ሰምተን፣ ደግሞ በባቄላ እንዋጋ?» ብሎኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ተኩስ በሰማሁበት ማግስት ቆርቆሮውን መንካት እኔንም ያስጠላኛል። ነገር ግን እኔ የምቃወመው የወደቀውን እየቆጠሩ መጨፈርን ነው፤ ያንን ያደረግሁትም ራሴ ነኝ። ያቺ ባቄላ ኪስ ስትገባ የወረደብን ዝምታ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ምን ማለት እንደሆነ በጥቂቱም ቢሆን አሳይቶኛል። ዜና ስንጽፍም እኮ የወደቀውን መቁጠር ይቀናናል፤ ማን ማንን ጠብቆ አተረፈ ብለን የምንጠይቀው ስንቴ ነው?

ስለዚህ ለምንጫወት ሁሉ ሦስት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ምት በፊት ማን ከማን ጎን እንደሚቆም እንነጋገር፤ ስሙንም ወረራ እንበለው። ሁለተኛ፣ ነጥብ በገደሉት ብዛት መቁጠሩ ይቅርና ስንት ጓደኛ ይዘን ወደ ቤት ገባን በሚለው ይሁን። ሦስተኛ፣ ቦታችንን በራሳችን ቃል እንጥራው፦ ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ደጀን።

በዚህ ሴሚስተር እንደገና ጀምረናል። ያቺ ልጅ አዲስ ባቄላ ይዛ መጣችና ከመቀመጧ በፊት «አንተ የት ነው የምትቆመው?» አለችኝ። ባቄላዬን ከእሷ ባቄላ ጎን አስቀመጥኩ። ሽፍታው ሲሸሽ እጄን በላኝ፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

መጫወት የምትፈልጉ ሐሙስ ከሰዓት ላውንጅ ኑ። ባቄላ ግን ከየቤታችሁ። ቸር እንሰንብት!