«እዚህ ምንም የለም» ለምንል

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ማታ ከሚኒያፖሊስ ስመለስ መኪናዬ በበረዶ ተንሸራታ ከጠጠር መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባች። 911 ደወልኩ። «የት ነሽ?» አለችኝ ሴትየዋ። «በቆሎ እርሻ አጠገብ» አልኳት። በጃንዋሪ! ደግሞስ ደቡብ ሚኒሶታ ውስጥ በቆሎ እርሻ አጠገብ ያልሆነ ቦታ የት አለ? ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል በትራክተር የደረሱልኝ አንድ አዛውንት ስልኩን ተቀብለው የመንገዱን ቁጥርና ከዋናው መንገድ ስንት ማይል እንደሚርቅ ነገሩልኝ። ለሁለት ዓመት ስመላለስበት ስሙን እንኳ የማላውቀው ታውንሺፕ ውስጥ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ካርታ ማየት ጀመርኩ። በ1785 የወጣው የመሬት አዋጅ ባስጀመረው ልኬት መሠረት አንድ ታውንሺፕ በየጎኑ 6 ማይል የሆነ ካሬ ነው። ውስጡ 36 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ነው። 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት ይተው ነበር። አብዛኞቹ መንገዶች በየማይሉ የሚገናኙት ይህን መስመር ተከትለው ስለወጡ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ማታ የምለው አላጣም ነበር።

በ1862ቱ ሕግ መሬቱ ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው እስከ 160 ኤከር ይሰጥ እንደነበር ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። «በጋሻ ስንት ይሆናል?» አለ። ጋሻን በ40 ሄክታር ብናስበው ከአንድ ተኩል ይበልጣል። ዝም ብሎ ቆየና «ከዚያ በፊት የማን ነበር?» አለኝ። «መሬት ለአራሹ» እየሰማ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? የዳኮታ ሕዝብ ነበር። በ1851 በውል አስለቀቋቸው፤ ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ ከሚኒሶታ አባረሯቸው።

ስለዚህ «ባዶ አገር» ስንል እንጠንቀቅ። ባዶነቱ በሁለት ዙር የመጣ ነው። አንድ ታውንሺፕ በ160 ኤከር ቢከፋፈል 144 ቤተሰብ ይይዛል። ዛሬ ግን ትልልቅ ማሽን ያለው አንድ ገበሬ የብዙዎቹን ድርሻ ብቻውን ያርሳል። በማሳው መካከል በአራት ማዕዘን የተተከሉ ዛፎች ታያላችሁ፤ ንፋስ እንዲከልሉ የተተከሉለት ቤት ግን የለም። እኔን ከበቆሎው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

የማኅበራችን ኮሚቴ ውስጥ ሐሳቡን ሳነሳ «ምን አገባን?» ያሉ ነበሩ። ያገባናል። በ2020 ቆጠራ ደንብ ኮሌጅ የሚኖር ተማሪ፣ በቪዛ ያለውም ጭምር፣ የሚቆጠረው ወላጆቹ ቤት ሳይሆን በሚማርበት ቦታ ነው። የምንንሸራተትበት መንገድ ጠጠርና የበረዶ ጠረጋ የሚከፈለው ደግሞ ታውንሺፑ በሚጥለው ግብር ነው። የሚኒሶታ ታውንሺፖች በየዓመቱ በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ ነዋሪውን ሰብስበው ይህን ግብር በድምፅ ይወስናሉ። እኛ ድምፅ ባንሰጥም ገብተን ማዳመጥ እንችላለን። እኔም ለእኚያ አዛውንት በቅጡ ሳላመሰግናቸው ነው የተለያየነው።

በየወሩ ወደ ሚኒያፖሊስ እንጀራ ልንበላ ለምንሄድበት ቫን ገንዘብ አናጣም። ለዚያች ማክሰኞም ይከራይልን ብዬ ጠይቄ ተፈቅዷል። 12 ሰው ይይዛል፤ እስካሁን የተመዘገብነው አራት ነን።