ከሩቅ ስለሚቆጣጠር መሣሪያና በሥፍራው ስለሚቆም ሰው

በዛሬው ዘመን የውኃ ግድብ፣ የኤሌክትሪክ ማሠራጫ፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ የከተማ ውኃ ማጣሪያና ይህን የመሰለው ታላቅ ሥራ ሁሉ የሚመራው ሠራተኛ በየሥፍራው እየዞረ በእጁ በሚያዞረው መዘውር አይደለም፤ ከብዙ ርቀት በአንድ ክፍል ተቀምጦ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በሚያየው ምልክት ነው እንጂ። ይህ አሠራር በባለሙያዎች ዘንድ ስካዳ ይባላል፤ ትርጓሜውም ከሩቅ የመቆጣጠርና መረጃ የመሰብሰብ ሥርዓት ማለት ነው። በግድቡ ወይም በቧንቧው ላይ የተተከሉት መለኪያዎች የውኃውን ከፍታ፣ ሙቀቱን፣ ግፊቱን ይለካሉ፤ በአጠገባቸው ያለች ትንሽ ኮምፒዩተር ልኩን ተቀብላ በሽቦ ወይም በራዲዮ ወደ ዋናው ክፍል ታስተላልፋለች፤ በዚያ ያለውም ተቆጣጣሪ ያየውን አይቶ «ክፈት» ወይም «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ይልካል።

በቀድሞ ዘመን በሩቅ አገር ርስት ያለው ሰው መሬቱን በምስለኔ ያስተዳድር ነበር። ባለ ርስቱ ስለ መሬቱ የሚያውቀው ምስለኔው የነገረውን ብቻ ነው። ምስለኔው የታመመ ወይም የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ጌታው በአዳራሹ ተቀምጦ «እህሉ ገብቷል» ሲል እህሉ በማሳው ላይ ይበሰብሳል። የስካዳ መለኪያም እንዲሁ ምስለኔ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ራሱ ውኃው አይደለም፤ ስለ ውኃው የተላከ ወሬ ነው። ይህን ልዩነት መርሳት ምን ያህል ጥፋት እንደሚያመጣ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ታሪክ ያስረዳል።

ይህ ሲባል ግን አሠራሩን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው ሊቆምበት የማይችል ሥፍራ ብዙ ነው። በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ከምድር በታች 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የሰርን የምርምር ዋሻ መሣሪያው በሚሠራበት ሰዓት ሰው አይገባበትም፤ ቅዝቃዜውም፣ ኤሌክትሪኩም፣ አየሩም የሚጠበቀው ከሩቅ ነው። በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ መሥመር ላይም በየምሰሶው ሥር ዘበኛ ማቆም አይቻልም። ጥያቄው መሣሪያው ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ሳይሆን፣ መሣሪያው ከገባ በኋላ በሥፍራው የነበረው ሰው ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚል ነው።

በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት ታም ሶክ የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ሥራውም እንዲህ ነው፤ ሌሊት የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሲያንስ ውኃውን ከታችኛው ኩሬ በፓምፕ ወደ ተራራ ጫፍ ያወጡታል፤ ቀን ፍላጎቱ ሲበዛ ደግሞ ቁልቁል ለቀው ተርባይን ያዞሩበታል። በተራራው ጫፍ ያለው ማጠራቀሚያ በድንጋይ ክምር የታጠረ ሲሆን በክምሩ ላይ የኮንክሪት ግንብ ተጨምሮበት ነበር። ማጠራቀሚያው ከመጠን በላይ ሲሞላ ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ አልተሠራለትም። ምክንያቱም ውኃው የሚገባው በፓምፕ ስለ ሆነ፣ ፓምፑ በጊዜው ከቆመ አይተርፍም ተብሎ ነው። ፓምፑን በጊዜው የሚያቆመው ደግሞ የመለኪያው ወሬ ነበር።

መለኪያዎቹ ከውኃው ሥር በቧንቧ ውስጥ የተቀመጡ ሲሆኑ በላያቸው ያለውን የውኃ ክብደት እየለኩ ከፍታውን ይናገሩ ነበር። ቧንቧዎቹን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ግን ላላ፤ ቧንቧዎቹም ጎበጡና መለኪያዎቹ ከነበሩበት ከፍ አሉ። ከፍ ያለ መለኪያ በላዩ ያለው ውኃ ስለሚያንስ ማጠራቀሚያው ገና ያልሞላ መስሎ ይናገራል። መለኪያው ያልዋሸ፣ ነገር ግን እውነት ያልተናገረ ምስለኔ ሆነ ማለት ነው።

በ2005 በመስከረም ወር መጨረሻ ነፋስ በበረታበት ቀን ውኃው በግንቡ ላይ ሲፈስ ሠራተኞች በዓይናቸው አይተው ነበር። ነገሩ ተመርምሮ የመለኪያዎቹ ማሰሪያ መላላቱም ታወቀ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን የሚያሳዝን ነው። ማሰሪያውን በማጥበቅ ፈንታ በኮምፒዩተሩ ላይ ጥቂት ቁጥር ተጨምሮ ልኩ እንዲስተካከል ተደረገ፤ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ለመጨረሻ አደጋ ጊዜ የተተከሉት ሁለት ጠቋሚዎችም ቢሆኑ ከግንቡ ዝቅተኛ ሥፍራ ይልቅ ከፍ ብለው ተቀምጠው ነበርና ውኃው እነርሱን ሳይነካ በዝቅተኛው በኩል ይፈስ ነበር።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 2005፣ ሊነጋ ሲል ፓምፖቹ ውኃውን ያወጡ ነበር። ማመንጫውን የሚቆጣጠሩት ሰዎች በሩቅ ክፍል ነበሩ፤ በተራራው ጫፍ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ውኃው ከልኩ እንዳላለፈ ሲናገር ውኃው በግንቡ ላይ ይፈስና የድንጋዩን ክምር ከውጭ በኩል ይበላ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ክምሩ ተናደ፤ ከ1 ቢሊዮን ጋሎን በላይ የሆነ ውኃም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከተራራው ወረደ። ዛፉን ከነሥሩ ነቀለ፤ መሬቱን እስከ ቋጥኙ ገፈፈ። ከታች ባለው የመንግሥት መናፈሻ የሚኖረው ተቆጣጣሪ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከነቤታቸው ተወሰዱ፤ ሁሉም በሕይወት መትረፋቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ክረምት ስለ ነበረ በመናፈሻው ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው አልነበረም። በበጋ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ያልቅ እንደ ነበር አንባቢ ያስተውል።

በዚያች ሌሊት ፋኖስ የያዘ አንድ ዘበኛ በግንቡ ላይ ቢዘዋወር ኖሮ እግሩ ሲረጥብ ነገሩን ያውቅ ነበር። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የአንድ ዘበኛ ደመወዝ ትርፍ ወጪ ነው የሚሉ ሰዎች፣ የማመንጫው ባለቤት ከፌዴራል መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 15 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈለና በማጠራቀሚያውም ፈንታ አዲስ ሠርቶ እስኪጨርስ እስከ 2010 ድረስ ማመንጫው ሥራ እንደ ፈታ ቢያስቡ መልካም ነው።

በዚህ ዓይነት ስሕተት የተጎዳው ታም ሶክ ብቻ አይደለም። በ1979 በፔንሲልቫኒያ ግዛት በስሪ ማይል አይላንድ የአቶሚክ ማመንጫ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ሳለ በተቆጣጣሪዎቹ ፊት ያለችው መብራት የተዘጋ መሆኑን ታመለክት ነበር። መብራቷ የምትናገረው «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ሰዎቹ ትእዛዝንና ፍጻሜን አንድ አድርገው ስለ ወሰዱ ማቀዝቀዣው ውኃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ኖሮ የማመንጫው እምብርት በከፊል ቀለጠ። በ2003 በነሐሴ ወር ደግሞ በኦሃዮ ግዛት የአንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ደወል በኮምፒዩተር ጉድለት ምክንያት ጸጥ አለ፤ ተቆጣጣሪዎቹም ደወሉ መሞቱን ስላላወቁ ዝምታውን እንደ ሰላም ቆጠሩት። ከጎረቤት ኩባንያዎች በስልክ ሲነገራቸው እንኳ የራሳቸውን ስክሪን አመኑ። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፋበት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ በዚያች ቀን ጎረቤቱ ተናግሮ የሚሰማው አጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው በዩክሬን አገር የሆነው ነው። ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች ክፍል ውስጥ ያሉ ተቆጣጣሪዎች በስክሪናቸው ላይ ያለው ቀስት ማንም ሳይነካው ሲንቀሳቀስና የማከፋፈያ ጣቢያዎችን መሥመር አንድ በአንድ ሲያጠፋ አዩ። ጠላት ከብዙ ወራት በፊት በተንኮል በተላከ የኢሜይል ደብዳቤ አማካይነት ገብቶ የሥራውን አካሄድ ሲያጠና ኖሮ ነበር። 225 ሺህ ያህል ደንበኞች በክረምት ብርድ መብራት አጡ። ኮምፒዩተሮቹም ተበላሹ፤ የደንበኞች ስልክም ሆን ተብሎ እንዲጨናነቅ ተደረገ። የዩክሬን ሠራተኞች ግን የቀድሞውን የእጅ ሥራ አልረሱም ነበርና በመኪና ወደየጣቢያው ሄደው ማቋረጫዎቹን በእጃቸው መለሱ፤ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥም መብራቱ ተመለሰ። አንዳንድ ሰዎች የእነርሱ መሣሪያ ያረጀ ስለ ነበረ በእጅ መሥራት ቻሉ፣ የሠለጠነ አገር ቢሆን ኖሮ አይችልም ነበር ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ የሚያሳፍረው ያረጀ መሣሪያ ያለውን ሳይሆን የሠለጠነውን ነው።

ሰውም ይሳሳታል፣ ዘበኛም ይተኛል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እርግጥ ነው። ነገር ግን ሰውና መለኪያ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሳሳቱም፤ ስለዚህ አንዱ የሳተውን ሌላው ሊያገኘው ይችላል። ሁለት መለኪያዎች በአንድ ማሰሪያ ከታሰሩ ግን ማሰሪያው ሲላላ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ፤ በታም ሶክም የሆነው ይኸው ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል አለው፤ ኃይሉም በ500 ኪሎ ቮልት መሥመር ከጉባ ምድር እስከ ሆለታ ይጓዛል። ግድቡ ማስተንፈሻዎች ስላሉት ከታም ሶክ ጋር አይመሳሰልም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሥራ ከሩቅ ሳይቆጣጠሩ መምራት እንደማይቻል ግልጽ ስለ ሆነ፣ ከላይ የተነገረው ሁሉ እዚህም ይመለከታል። አገሩ ወጣቶቹን በስክሪን ፊት እንዲቀመጡ ሲያሠለጥን፣ እነዚያው ወጣቶች በየዓመቱ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ወርደው ስክሪኑ የጠፋ እንደ ሆነ ማቋረጫን በእጃቸው መዝጋትና መክፈት ሊለማመዱ ይገባል። የተጓደለ መለኪያም በቁጥር ሳይሸፈን በዚያው ሳምንት ይጠገን ዘንድ ገንዘቡ አስቀድሞ በበጀት መመደብ አለበት። በግንቡ ላይ የሚቆመው ሰው ደግሞ እርጥበት ባየ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ሊሰጠው ያስፈልጋል፤ በዚህ የተነሣ አንዳንድ ሌሊት ፓምፑ ወይም ተርባይኑ በከንቱ ቢቆም የሚደርሰው ኪሣራ የጥቂት ሰዓት ኤሌክትሪክ ነው።