ቅዳሜ ቅዳሜ ባሌን የምትወስድብኝ ማን ናት?

ዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ ከወደ እንግሊዝ የመጣ ነው። የጻፈችልን እህት የ27 ዓመት ወጣት ስትሆን የምትኖረው ሌስተር ከተማ ነው። ባለቤቷም የእኛው አገር ልጅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«...ባሌ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የማታ ሥራ ይሠራል። ደህና አድርገን የምንተያየው ቅዳሜና እሑድ ነበር። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን ቅዳሜ ሲመጣ ገና ሳይነጋ ሹልክ ይላል። ‹የት ነው?› ስለው ‹ዓሣ ላጠምድ› ይለኛል። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ! ሲመሽ እጁ ደርቆ፣ አፍንጫው ቀልቶ ይመጣል። ዓሣ ግን የለም! ከአራት ቅዳሜ በአንዱ ይዞ ቢመጣ ነው። ይባስ ብሎ ባዶ እጁን መጥቶ ደስ ብሎት ያፏጫል። ባለፈው ዕቃውን ስፈትሽ አንድ ሳጥን አገኘሁ። የአውራ ዶሮ ላባ፣ የጣዎስ ላባ፣ የጥንቸል ፀጉር፣ ወርቃማ ክር... መተት ነው ወይስ ሌላ ሴት አለችው? ልለየው ወይ? መላ በሉኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ እስቲ ተረጋጊ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አበው። አንቺም ሳጥን ስትጎረጉሪ ዘንዶ ያገኘሽ መስሎሻል። እኔ ግን የጻፍሽልኝን የዕቃ ዝርዝር ይዤ ሳነብና ሳጠያይቅ ሰነበትኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው መተት አይደለም። የዝንብ መሥሪያ ነው!

እንግሊዞቹ «ፍላይ ፊሺንግ» ይሉታል። መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር እየጠመጠሙ ዓሣው የሚበላቸውን ነፍሳት ያስመስላሉ። ዓሣው የእውነት መስሎት ጉርስ! ነገሩ የዛሬ ፈሊጥ እንዳይመስልሽ። ኤሊያን የሚባል የሮማ ዘመን ጸሐፊ የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ስለዚህ ባልሽ ጠንቋይ ቤት አልሄደም።

ዝንቧ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። እንደ ድንጋይ አትወረወርም። ክብደቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ሦስት ሜትር ገደማ በሚሆን ቀጭን ዘንግ ገመዱን ወደ ኋላ ይለቁታል፣ ተዘርግቶ እስኪወጠር ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደፊት! የቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ጅራፉ ከጮኸ ዝንቧ ተበጥሳ ሄደች ማለት ነው።

«እሺ፣ ግን በብርድ ለምን?» ትይኝ ይሆናል። ደግ ጠየቅሽ።

ዓሣው ትራውት ይባላል። እዚያ ሐይቆች ውስጥ በብዛት እየተረባ የሚለቀቀው «ሬይንቦው ትራውት» የሚሉት ዓይነት ሲሆን የትውልድ ቦታው የሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ነው። ብርድ ወዳድ ዓሣ ነው። በእነሱ በጋ ውሃው ሲሞቅ ውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ትራውት ይጨነቃል፤ ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ያኮርፋል። እኛ እዚህ የገናንና የጥምቀትን ፀሐይ ስንሞቅ እዚያ ጭንቅ ብርድ ነው፤ ለትራውት ግን የምቾት ጊዜው ነው። ለዚህ ነው ብዙ ትናንሽ ሐይቆች በብርዱ ወራትም ለአጥማጅ ክፍት የሚሆኑት።

ታዲያ ለምን ባዶ እጁን ይመጣል? የዓሣ ሰውነት እንደ ውሃው ይቀዘቅዛል። ውሃው 4 እና 5 ዲግሪ ሲደርስ ዓሣው ዝግ ይላል፣ ምግብም ይቀንሳል። ውሃ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ የሐይቁ ላይ በረዶ ቢሠራ እንኳ ሥሩ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ዓሣውም ብዙ ጊዜ ወደ ታች ወርዶ ጭቃው ውስጥ የሚኖሩትን ቀያይ የትንኝ እጮች ይለቅማል። አጥማጁ ዝንቧን ከወረወረ በኋላ እስክትሰምጥ ይቆጥራል። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ... ከዚያ ገመዱን በጣቶቹ ቀስ፣ እጅግ ቀስ እያለ ይሰበስባል። አነካከሱም እንደ ፊልም አይደለም። ገመዱ ቅንጣት ታህል ወጠር ይላል። በቃ! ያቺን ያላየ አመለጠው።

እንግዲህ አስቢው። ሳምንቱን ሙሉ የመጋዘን ጫጫታ፣ የቤት ኪራይ፣ ከአገር ቤት የሚደወል የ«ላክልኝ» ስልክ ጭንቅላቱን ሲበላው የከረመ ሰው፣ ያቺን የገመድ ጫፍ እያየ ስለ ኪራይ ማሰብ አይችልም። ወይ ኪራዩ ወይ ገመዱ! የደስታው አንዱ ምሥጢር ይሄ ነው።

ሌላው ጸጥታው ነው። ከሌስተር በስተምሥራቅ ያለው ራትላንድ ወተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ፣ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ሰው በብርድ ቤቱ ሲከተት፣ ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች በሺዎች ሆነው እዚያ ይከርማሉ። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ጉም ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም፣ ደረቷ ቀላ ያለ ትንሽ ወፍ ፍርፋሪ ፍለጋ እግር ሥር ድረስ ትመጣለች። የዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ሲጋገር አጥማጁ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሟሟል፣ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳል፣ እንደገና ይወረውራል። ከሦስት ሰዓት ዝምታ በኋላ ገመዱ ቀጥ ብሎ ብር የመሰለ ዓሣ ከውሃው ሲዘል... አንዴ ብቻ እንኳ ቢሆን ለሳምንት ስንቅ ይሆናል።

ማስረጃ ካልሽ ደግሞ ሞልቷል። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜው 13 የሞላ አጥማጅ ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሐይቁም የራሱን የቀን ትኬት ይቆርጣል። ስንት ዓሣ ይዞ መውጣት እንደሚቻል የሚወሰነው በትኬቱ ነው፤ የያዙትን መልሰው የሚለቁበት ትኬትም አለ። ስለዚህ ባዶ እጁን መጣ ማለት ምንም አልያዘም ማለት ላይሆን ይችላል። የፉጨቱ ነገር አሁን ገባሽ?

ይሄን ሁሉ ያልኩት ግን ባልሽ ጥፋት የለበትም ለማለት አይደለም። የእሱ ደስታ እውነት ነው፤ የአንቺም ብቸኝነት እውነት ነው። በሰው አገር፣ በጨለማና በብርድ፣ በሳምንት የምታገኚው አንድ ሰው ሹልክ ሲልብሽ ብትጠረጥሪ አልፈርድብሽም።

አንተም ወንድሜ፣ ይሄ ጽሑፍ እጅህ ከገባ አንድ ጥያቄ አለኝ። በዲሴምበር እዚያ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። የብርድ ወር ትራውት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ቀኑ ትንሽ ሞቅ ሲል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ ገና ሳይነጋ ሹልክ ማለት ለማን ብለህ ነው? ለዓሣው ነው እንዳትለኝ፣ እሱ ገና አልነቃም!

ስለዚህ የእኔ መላ ይሄው። አንደኛ፣ ቅዳሜ ቁርስ አብራችሁ ብሉ። ቡናው ይፈላ፣ ወሬው ይወራ፣ ከዚያ ይሂድ። ዓሣው ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ከአራት ቅዳሜ ሁለቱ የአንቺ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ አንድ ቀን አብረሽው ሂጂ። ለስለላ አይደለም፣ ያየውን ለማየት ነው። ደራርበሽ ልበሺ፣ ኮፍያና መነጽር አትርሺ፤ የሚበር መንጠቆ የማንንም ዓይን አይምርም። እሱም ቢሆን በዚያ ብርድ ብቻውን ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ንገሪው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቀልድ አያውቅም። ካልወደድሽው በሚቀጥለው ሞቅ ካለው ቤትሽ ቅሪ። ይዞ የመጣ ቀን ደግሞ ጉላሽ አድርጊው። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተውላቸው።

«ልለየው ወይ?» ላልሽው፣ በዝንብ ምክንያት ትዳር አይፈርስም። ሳይነጋገሩ መኖር ነው የሚያፈርሰው።

እዚህ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ «ትራውት የፈረንጅ ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትስቁ። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት በባሌ ተራሮች እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ አለ። ዓሣ ባታጠምዱም እያንዳንዳችሁ የምትጠፉበት አንድ ነገር አይጠፋችሁም። ኳስ ይሁን ፑል ቤት፣ ወይ ተራራ መውጣት፣ ችግር የለውም። ብቻ ቤት ለሚጠብቃችሁ ሰው የት እንደምትሄዱና ለምን ደስ እንደሚላችሁ ንገሩ። ያልተነገረ ደስታ እቤት ለቀረው ሰው ጥርጣሬ ነው።

በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!