ጥንቸሏን ከቆርቆሮ ሥር አውጧት

በእኛ ሰፈር ልጆች የዒድ ልብሳቸው ከተገዛላቸው በኋላ ቀጥለው የሚጠይቁት ጥንቸል ሆኗል። አባት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ አንዲት ነጭ ጥንቸል በካርቶን ይዞ ይገባል። ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ ካርቶኑም የቆርቆሮው ማድቤት ጥግ ይቀመጣል። እኔ ጥንቸል ማሳደግን የምደግፍ ሰው ነኝ። እቤታችን ሁለት አሉን፤ አንደኛዋ ጥጥ፣ ሌላዋ ዳማ ትባላለች። ጊዜና ጥላ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ቢያሳድግ ደስ ይለኛል። የማልቀበለው ካርቶኑንና ቆርቆሮውን ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። የእኛዋ ከሚሴ 1400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና በሚያልፍበት ሜዳ ዳር ናት። ልዩነቱን ጋቢውን በሚኒባስ ውስጥ እያወለቀ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ጥንቸል ግን ፀጉሯን አታወልቅም፣ አያልባትም፣ እንደ ውሻ አለክልካ ሙቀቷን ማስወጣትም አይሆንላትም። ያላት ጆሮዎቿ ናቸው። ደም ስሮቹ ይሰፉና ሙቀቱ በዚያ በኩል ይወጣል። አየሩ 30 ዲግሪ ሲደርስ ይጨንቃታል፤ ከዚያ ሲያልፍ ልትሞት ትችላለች። በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቆመ ሰው ስንት ዲግሪ እንደሆነ መለኪያ አያስፈልገውም።

በአንድ የግንቦት ቀን የጎረቤት ልጅ እየሮጠች መጥታ «እትዬ፣ ጥንቸላችን ተኝታ አልነሳ አለች» አለችኝ። ሄድኩ። ጥንቸሏ በጎኗ ተዘርግታለች፤ ጆሮዎቿ ቀልተው ደም ስሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ አፍንጫዋ ያለማቋረጥ ይርገበገባል፤ አገጯ በምራቅ ርሷል። ከካርቶኑ አውጥተን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር አስተኛናት። በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ድንጋጤው ራሱ ሊገድላት ስለሚችል ጆሮዎቿን በቀዝቃዛ ውሃ በእጄ አረጠብኩ፣ እግሮቿን አስከተልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ ውሃ ጠጣች። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አልተነሳችም፣ አልተናገረችም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የቤት ጥንቸል የዘር አገሯ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር ነው፤ እዚያ የበጋውን ሙቀት የምታመልጠው ጉድጓድ ቆፍራ ነው። እኛም ቤት አፉ የተሰበረ እንስራ አይጠፋም። በዛፍ ጥላ ሥር በጎኑ አጋድሙት፣ ግማሹን ቅበሩት፣ ዙሪያውን ያለውን አፈር ጠዋትና ቀትር ውሃ አርከፍክፉበት። ሸክላው ይቀዘቅዛል፣ ጥንቸሏም ራሷ አግኝታው ትገባለች። መብራት ካለ ደግሞ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አኑሩላት፤ ተደግፋው ትተኛለች። ማታ ግን ክፍት ቦታ አትተዉአት። ሸለምጥማጥ አለ፣ የሰፈር ውሻ አለ። ሌሊቱን ጠንካራ ሽቦ ባለው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቤት ታድራለች። ስስ የዶሮ ሽቦ በጥርሷ ትበጥሰዋለች።

ስለ ጥርሷ ካነሳሁ፣ የጥንቸል የፊት ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚያሳጥረው ሣር ማኘክ ነው። ስለዚህ ምግቧ በአብዛኛው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። ልጆች በፍቅር የሚሰጧት እንጀራ፣ ዳቦና ብስኩት ሆዷን ይነፋዋል፤ ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ሳትበላ ከዋለች «ነገ ይሻላታል» አይባልም። በሣር በኩል አካባቢያችን የታደለ ነው። ጨፋ አለን፤ በበጋ ከአፋር ድረስ ከብት የሚመጣበት ረግረጋማ ሜዳ። ከዚያ የሚመጣውን የሣር እስር ገዝታችሁ፣ እርጥቡን ወዲያው አትስጡ፣ ጥላ ላይ አጠውልጉት። የማሽላ ቡቃያ ግን ፈጽሞ አትስጡ። ዝናብ አጥሮት የቆረቆዘ የማሽላ ቡቃያ በሬ እንደሚጥል የዳዋ ጨፋ ገበሬ ያውቃል፤ በሬ የሚጥል መርዝ ለ2 ኪሎ እንስሳ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለፍየል የሚጣለውን የጫት ገረባም ከጥንቸል አርቁት።

አማቼ ከብት አርቢ ናቸው። መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት «አትታለብ፣ አታርስ፣ እንቁላል አትጥል፣ ምን ልታደርግላችሁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ግመሉም በሬውም ፍየሉም በሚሰጠው ጥቅም ይተመናል። በጥንቸል ሐላልነት አብዛኞቹ ዑለማዎች ይስማማሉ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተከለከለች ናት ብለው አይበሏትም። እኛ ቤት ግን ስም የወጣላት እንስሳ ቢላዋ አይቀርባትም። ለአማቼ የሰጠኋቸው መልስ ልጄን እዩት የሚል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ሲደርስ ሕፃናት የነበሩ ልጆች አድገዋል፤ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ግን ዛሬም አሉ። የእኔ ልጅ አንዱ ነው። ጥንቸል ስትፈራ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ትደቃለች፤ ለጓደኞቿ «አደጋ አለ» ማለቷ ነው። ልጄ ያንን ድምፅ ሲሰማ የራሱን ፍርሃት ይተውና «አይዞሽ» ይላታል። ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እስክትመጣ ይጠብቃታል። አሯሩጦ አይዛትም። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት እኔ በምክር ላስተምረው አልቻልኩም ነበር።

አያያዝ ግን መማር ያስፈልጋል። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሳት ነውር ሊሆን ይገባዋል። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር፣ ወደ ሰውነት ጠጋ አድርጎ ነው። የኋላ እግሯ ጉልበተኛ፣ አከርካሪዋ ደካማ ስለሆነ በአየር ላይ ስትወራጭ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ትንንሽ ልጆች ባያነሷት ይመረጣል። የምንሰግድበት ክፍል አናስገባትም፤ በቀረው ቤት ግን አታስቸግርም፣ ሽንቷን አንድ ጥግ መርጣ ነው የምትሸናው። ጭድ ያለበት ሣህን እዚያው ማስቀመጥ ነው። የራሷን ለስላሳ በጠጥ መልሳ ስትበላ ብታዩ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮዋ ነው፣ ሆዷ ከመጀመሪያው ዙር ያልወሰደውን ያገኝበታል።

አሁን ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ነገር ልበል። ጥንቸል በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ ለምኖ ያስገዛት ጥንቸል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም እንደ ብዙው የአካባቢያችን ወጣት የሳዑዲን መንገድ ማየት ሲጀምር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ናት። «የልጁ ናት» ብሎ ነገር የለም። ውሃዋን ማን ይቀይራል፣ በቀትር ማን ያያታል የሚለው ከመግዛቱ በፊት ይወሰን፤ መልሱም የአዋቂ ስም ይሁን። ድመት አስራ፣ ሳትመግባት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስላስራበቻት ሴት የተነገረውን ሐዲስ ቁርአን ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ካርቶን ውስጥ የምትጠወልግ ጥንቸልም እዚያ ሐዲስ ውስጥ አለች ብዬ አምናለሁ።

ብቻዋን ስለምትከፋ ሁለት ግዙ፤ ሁለቱም ሴት፣ ከተቻለ የአንድ እናት ልጆች ይሁኑ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ፤ ጥንቸል ትንሽ ሳለች ፆታዋን መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው፣ በወለደች ማግስትም ልታረግዝ ትችላለች። የአካባቢያችን የእንስሳት ሐኪም እጁ የለመደው ከብት፣ ፍየልና ግመል ነው፤ ጥንቸል ማኮላሸት ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ግቢውን ጥንቸል ከሞላው በኋላ የሚመጣ መፍትሔ የለም።

ማሳደግ ያቃተው ሰውም ጨፋ ሜዳ ላይ አይልቀቃት። የዱር ጥንቸሎቻችን ሌላ ዘር ናቸው፤ ልጆቻቸው ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ሣር ላይ ይወለዳሉ፣ ከቀበሮና ከጭልፊት ማምለጥም ያውቁበታል። ነጭ የቤት ጥንቸል እዚያ ሌሊቱን አታነጋም። ጎረቤት ጠይቁ፣ ዘመድ ጠይቁ፣ የሚወስዳት ቤተሰብ እስኪገኝ አቆዩአት። እኛ ዳማን ያገኘናት እንደዚያ ነው።